«ገባኝ» የሚለውን ቃል የማያምኑት ዶክተር አንጓች

ዶክተር አንጓች አረፉ። ለዩኒቨርሲቲያችን መምህራንና ተማሪዎች፣ ለወረታና ለፎገራ ወዳጆቻቸው ይህን መጻፍ የእኔ ዕጣ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ኋላም በአንድ ቢሮ አብሬያቸው እንድሠራ የጠሩኝ እሳቸው ናቸውና ሌላ ሰው ይጻፈው ለማለት አፍ አጣሁ። እህታቸው ማለዳ ደውለው «እንግዲህ በርታ» ሲሉኝ የቀረውን አልጠየቅኋቸውም።

የተወለዱት ከወረታ አለፍ ብሎ፣ ክረምት ሲሆን ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። አባታቸው መሪጌታ ናቸው፤ ዛሬም በሕይወት አሉ። በመሪጌታ ጉባኤ ቤት በትምህርቱ የገፋው ተማሪ ጀማሪውን ያስቀጽላል፣ ቃል በቃል እየመራ ያስጠናዋል፤ ለሌላው ማስረዳት ያቃተው ወደሚቀጥለው ትምህርት አያልፍም። ዶክተር አንጓች በልጅነታቸው ደጃፉ ላይ ቁጭ ብለው ይህን እያዩ አደጉ። ከብዙ ዘመን በኋላ ለአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሚሰጠው የጋራ ትምህርት ይሻሻል ተብሎ ኮሚቴ ሲቋቋም ይዘው የገቡት ይህንኑ ነው። ተማሪው ነገ ሐኪምም ይሁን መሐንዲስ፣ ከተማረው አንዱን ነገር ትምህርት ቤት ላልገባ ሰው አስረድቶ ይለፍ አሉ።

ያልተሳቀባቸው ስብሰባ የለም። አንድ ባልደረባችን «ዩኒቨርሲቲውን የቄስ ትምህርት ቤት ሊያደርጉት ነው እንዴ?» አላቸው።

«ወንድሜ፣ የቄስ ትምህርት ቤትማ ያልገባውን ልጅ አያሳልፍም። የምናሳልፈው እኛ ነን» አሉና ሻይ ቀዱለት። ቁጣቸው እንዲህ ነበር፤ የተቆጡትን ሰው ሳያጎርሱ አይሸኙም።

ከስንት ክርክር በኋላ ሴኔቱ ለአንድ ሴሚስተር ይሞከር አለ። ካማረ ለሁሉም ተማሪ ይጸድቃል፤ ካላማረ ይሰረዛል፣ ያበቃል። የዶክተር የልፋታቸው ሁሉ ዕድል በዚያች ሴሚስተር ላይ ተንጠለጠለ።

ሙከራውን የጀመርነው እዚያው ፎገራ፣ ሩዝ ከሚያመርቱ አንድ አዛውንት ቤት ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪ ጎርፍ ከገባበት በኋላ የጉድጓድ ውኃ ለምን ፈልቶ መጠጣት እንዳለበት አስረዳ። ባክቴሪያ አለ፣ ኢንፌክሽን አለ፣ ያልጠራው ነገር የለም። አዛውንቱም በየመሐሉ «እሰይ! ግሩም ነው! ተባረክ ልጄ!» ይላሉ። እኛ መምህራኑ አጨበጨብን። ዶክተር ግን ከመደቡ ጫፍ ተቀመጡና «አባባ፣ እስቲ ልጁ ያለውን ለእኔም ይንገሩኝ» አሏቸው።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ! ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ሲደክም ጊዜ አሳዘነኝ። እንግዳ ቤቴ ድረስ መጥቶ፣ አልገባኝም ብዬ ላሳፍረው?»

ዶክተር እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ «ይሉኝታ ባለበት አገር “ገባኝ” ማለት ማስረጃ አይሆንም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሰሚው የሰማውን በራሱ አፍ መልሶ ካልተናገረ ተማሪው አያልፍም። ያ ልጅ በሳምንቱ ተመልሶ ያለ ባክቴሪያ፣ ያለ ኢንፌክሽን አስረዳ። አዛውንቱ በዚህኛው ጊዜ አልመረቁትም፤ «አባቶቻችን ሳያፈሉ ጠጥተውት የለም ወይ?» ብለው ከብቶቹ እስኪገቡ ድረስ ተሟገቱት። ዶክተር ክንዴን ጨበጡኝና «ሰማህ? ተከራከሩት! አሁን ገብቷቸዋል» አሉኝ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ደግነታቸውን የማያውቅ የለም፤ አንዱን ብቻ ልናገር። ከአንበሳሜ የመጣች ተማሪ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ አልቻልኩም ብላ ሻንጣዋን ልትሸክፍ ነበር። ቤታቸው ወሰዷት። እራት እየሠሩ «አንቺ ንገሪኝ፣ እኔ ልስማ፤ በፈለግሽው ቋንቋ» እያሉ አከረሟት። ዛሬ መምህርት ናት። ቀብሩ ላይ ሰው ይዟት ነው የቆመችው።

ሕመሙ የጠናባቸው ሴሚስተሩ ሳያልቅ ነው። የሙከራውን ውጤት ለሴኔቱ ለማቅረብ ሐኪማቸው ይተኙ ያላቸውን አልጋ ትተው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው መጡ። ተናግረው ሲጨርሱ ማንም አልሳቀም። ውሳኔው ግን ለሌላ ቀን ተቀጠረ፤ ያ ቀጠሮ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ከዚያ በኋላ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ሰላምታዬን እንኳ ሳይቀበሉ «ምን ተባለ?» ይሉኝ ነበር። ገና ነው እላለሁ። በመጨረሻው ጊዜ ድምፃቸው አልቆ ነበር፤ ጆሮዬን አስጠግቼ ሰማኋቸው። «ውድቅ ቢሆንም እንዳትደብቀኝ» አሉኝ።

ወረታ ቀበርናቸው። ዝናብ ነበር። ገበሬው ሩዙን ትቶ፣ ካህናቱ ከየደብሩ፣ ተማሪው በአውቶቡስ መጣ። አባታቸውን መሪጌታን ሁለት ዲያቆናት ደግፈው አቀረቧቸው። በስንቱ ሰው ፍትሐት ሲያዜሙ የኖሩት ሰው በልጃቸው ፍትሐት መሐል ድምፃቸው ተቋረጠ። «አፈሩ የእኔ ነበር እኮ፤ ምነው ልጄ ተሻማሽኝ?» አሉ። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በውል አላስታውስም።

ዶክተር፣ ከቀብርዎ በኋላ ሴኔቱ ተቀምጦ ነበር። ትምህርቱ ጸድቋል። ከመጪው ዓመት ጀምሮ አዲስ ገቢ ሁሉ ይማረዋል። የሳቁብዎትም ሰዎች እጃቸውን አውጥተው ደግፈዋል። ማስተማሩን ለእኔ ሰጡኝ፤ እሺ አልኩና በረንዳ ወጥቼ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ጥቂት ቢቆዩልን ምን ነበረበት? በሩን ከፍቼ ገብቼ፣ ሆነልን ብልዎት፣ ፊትዎን ባየው! አምላክ ድካምዎን ቆጥሮ በደጋጎቹ ማረፊያ ያኑርዎ። ደህና ይሁኑ፣ መምህርቴ። አሸንፈው ነበር፤ ሳይሰሙት ሄዱብኝ።