የሜዲትራኒያንን በሮች ሁሉ ያየው ዛኪር

መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ውስጥ፣ ከመኪና መለዋወጫ ሱቆቹ ጀርባ፣ አንሶላና መጋረጃ በጅምላ የሚሸጠው ዛኪር በሕይወቱ አንድ ጊዜ እንኳ በተጠራለት ዋጋ ዕቃ ገዝቶ አያውቅም። ዘዴውን ተራው ሁሉ ያውቀዋል። ዋጋ ይጠይቃል፤ የተነገረውን እንደ ስድብ ይሰማል፤ የራሱን ይጠራል፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። አካሄዱን ማየት ነው። እግሩ ወደ ፊት፣ ጆሮው ወደ ኋላ ነው። ትከሻው ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንገቱ ይሰግጋል፣ እርምጃው ሰርግ ቤት ደርሶ ምግቡ ገና አልቀረበም እንደተባለ ሰው ይንቀራፈፋል። ይህ ሁሉ "ና እሺ፣ ና ውሰድ!" እስኪባል ድረስ ነው። ይባላልም። ዛኪርን መርካቶ ውስጥ ዘግይተው ይጠሩታል እንጂ ሳይጠሩት አይቀሩም።

አንድ ጊዜ መንጋጋው አብጦ ጥርስ ሊያስነቅል ሄደና ከሐኪሙ ጋር በዋጋ ሳይስማሙ ቀሩ። ጉንጩን ይዞ ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የጫማውን ክር አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ። በመጨረሻ ሐኪሙ ጉጠቱን እንደያዘ ብቅ ብሎ ጠራው። የጠራው ለገበያው አዝኖ ሳይሆን የዛኪር ማቃሰት ተራ የሚጠብቁትን ሰዎች ስላባረረበት ነው የሚሉ አሉ። ዛኪር ይህን አይቀበልም።

"ጠርቶኛል ወይስ አልጠራኝም? ጠርቶኛል። አለቀ።"

ሕጉ ግን አንድ ጭካኔ አለው። ሳይጠራ በራሱ እግር የተመለሰ ገዢ አለቀለት፤ ከዚያ ወዲያ ሻጩ ያሻውን ይጠራበታል። ዛኪር ይህን ከአባቱ ተምሯል። ሸማ ተራ ላይ ጋቢ ሲገዙ ሳይጠሯቸው የቀሩት አባቱ ያን ክረምት ያለ ጋቢ ከረሙ እንጂ አልተመለሱም።

ደርግ ወድቆ ነጋዴው ሁሉ ፓስፖርት ማውጣት ሲጀምር ዛኪርም አንሶላውን ራሱ ሊያመጣ ወደ እስክንድርያ ሄደ። ጉዳዩን ጨርሶ አንድ ከሰዓት በኋላ ተረፈው። ያረፈበት ሆቴል ባለቤት "ቃይትባይን ሳታይ እንዳትሄድ" አለው። ቃይትባይ ባሕሩ ጫፍ ላይ የተቀመጠ የሱልጣን ምሽግ ነው፤ ከዓለም ድንቆች አንዱ የነበረው የጥንቱ የመብራት ግንብ የቆመው እዚያ ቦታ ላይ ነበር። ዛኪር ከሩቅ አይቶ ወደደው። ድንጋዩ ንጹሕ ነው፣ ስፌቱም አይታይም።

በሩ አጠገብ በአንዲት ትንሽ መስኮት ውስጥ የተቀመጠው ቲኬት ቆራጭ ዋጋው ለአገሬው ሌላ፣ ለውጭ ሰው ሌላ እንደሆነ ነገረው። ዛኪር ደስ አለው። ሁለት ዋጋ ያለው ዕቃ ሦስተኛ አይጠፋለትም። ከመስጊድና ከገበያ በለቃቀማት ዓረብኛ የራሱን ጠራ። ቲኬት ቆራጩ መስኮቱ ላይ የተለጠፈውን ዋጋ በጣቱ አሳየው።

"እኔም እኮ ሙስሊም ነኝ" አለ ዛኪር።

"አልሐምዱሊላህ" አለ ሰውየው፤ ያንኑ ዋጋም ደገመለት።

ዛኪር ፊቱን አዙሮ ሄደ። ጆሮውን ወደ ኋላ ቢጥል የሚሰማው ማዕበሉ ብቻ ነው። ቆሞ የጫማውን ክር አሰረ። ያኔ ከኋላው አንድ ሰው ጠራው፤ ልቡ ዘለለ። በሩ ላይ ቆሞ ጎብኚ ፎቶ የሚያነሳ ሽማግሌ ነበር። ዛኪርም ፎቶ ተነሳ። ከዚያ ባሕሩን እየታከከ፣ ቀስ እያለ፣ አንገቱን እንደሰገገ ከተማው መሃል ገባ። ማንም አልጠራውም።

መርካቶ ሲመለስ የሱቁ ደጃፍ ሞላ። ፊት ለፊቱ ክርና ቁልፍ የሚሸጡት ጋሽ ወልደሚካኤል ፎቶውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አገላበጡት። እስክንድርያን የሚያውቋት ድሮ ጳጳስ ይመጣባት የነበረች አገር አድርገው ነው።

"በሩ ይህን ካከለ ውስጡ ምን ሊያክል ነው? በል አውራ እንጂ!"

ዛኪር አፉን ከፈተ፤ እውነቱ አልወጣ አለው። ዛኪር ሳይጠሩት ቀረ ከሚባል ሞት ይሻለዋል።

"ውስጡማ ጋሼ፣ ከዚህ እስከ አንዋር መስጊድ የሚደርስ አዳራሽ ነው። መሃሉ ላይ የሱልጣኑ ፈረሶች የሚጠጡበት ጉድጓድ አለ። ግድግዳው ላይ ደግሞ አንድ ምንጣፍ ተሰቅሏል፤ ወላሂ፣ አንዱ ጫፍ ላይ ቆመው ሌላውን ጫፍ አያዩትም።"

ሚስቱ ሰዓደት ከሱቁ ውስጥ አንሶላ እያጠፈች ትሰማ ነበር። "እኔንም ይዘኸኝ ትሄዳለህ" አለች። "ኢንሻአላህ" አለ።

በኋላም ብቻውን ሄደ። የእስክንድርያን የሮማውያን ቲያትር በር አየ። መጋረጃ ሊያመጣ ቱርክ በሄደ ጊዜ ከኢዝሚር ኤፌሶን ድረስ ተሳፍሮ በሩን አይቶ ተመለሰ። የትም አልጠሩትም። ወሬው ግን እየሰፋ ሄደ። ጋሽ ወልደሚካኤል ኤፌሶን ሲባል ከመቀመጫቸው ተነሱ።

"ጳውሎስ የጻፈላቸው ኤፌሶን? መልእክቱን አየኸው?"

"በመስታወት ውስጥ ነው ያለው" አለ ዛኪር። "እጅ መንካት ክልክል ነው።"

ጋሽ ወልደሚካኤል ተሳለሙት፤ እሱም እንደሚሳለሙት ቅርስ ቀጥ ብሎ ቆመላቸው።

ይህ ሁሉ ለዓመታት ማንንም አልጎዳም። እንዲያውም ንግዱን ረዳው። ጅምላ ገዢ ከጅማም ከደሴም ሲመጣ "ባሕር ያየው ዛኪር ጋ" ይባል ጀመር። ዛኪር ደግሞ የሚሸጠው አንሶላ ብቻ አይደለም፤ ቃሉንም ነው። "ቀለሙ አይለቅም" ካለ ገዢ ጨርቁን ውኃ ሳይነክር ይወስዳል።

ሚሌኒየሙ ሊከበር አንድ ዓመት ሲቀረው ጎረቤቱ ጠይብ፣ ፎጣ ሻጩ፣ እስክንድርያ ልሄድ ነው አለ። ጠይብ ከሶማሌ ተራ እስከ ሸማ ተራ ወሬ በማድረስ የሚታወቅ ሰው ነው።

"መጀመሪያ የምሄደው ቃይትባይ ነው" አለ። "ያን ምንጣፍ ሳላይ ፎጣ አልነካም።"

ዛኪር የሚበላውን ሳምቡሳ አስቀመጠ። "አሁን እኮ እድሳት ላይ ነው። አቧራ ነው አሉ።"

"አቧራ ለመርካቶ ልጅ? ምን ነካህ ዛኩ!"

ጠይብ ሄደ። ዛኪርም በቁሙ አለቀ። ጉድጓዱ የለም ቢባል፣ ምንጣፉ የለም ቢባል፣ "ቀለሙ አይለቅም" የሚለውን ማን ያምነዋል? ልማዱም ከዳው። አንዲት ደንበኛ የመጋረጃ ዋጋ ጠይቃ ገና ቦርሳዋን እንኳ ትከሻዋ ላይ ሳታስተካክል "ነይ እሺ፣ ነይ ውሰጂ!" ብሎ ጮኸ። ሴትየዋ ደነገጠች። "ኧረ አልሄድኩም እኮ" አለች። ሰዓደት እያጠፈች የነበረውን አንሶላ አስቀምጣ ባሏን ለረጅም ጊዜ አየችው።

ጠይብ አርብ ቀን ገባ። ከጁምዓ በኋላ ተራው ሁሉ "እንኳን በሰላም መጣህ" ሊለው ሱቁ ደጃፍ ተሰበሰበ። ዛኪርም ሄደ፤ መቅረት ራሱ ወሬ ነው።

ጋሽ ወልደሚካኤል ሰላምታው እስኪያልቅ አልጠበቁም። "ጉድጓዱን አየኸው?"

ጠይብ ዛኪርን አየ። ዛኪር ጫማውን አየ። ክር የሌለው ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፤ የሚያስረው አልነበረም።

"ማየት ብቻ?" አለ ጠይብ። "ጠጣሁበት እንጂ!"

ዛኪር ቀና አለ።

"ምንጣፉስ?"

"ምንጣፉማ ጋሼ፣ ዛኪር አሳንሶ ነው የነገራችሁ። ያ አረንጓዴው እንዴት እንደሚያበራ!"

ዛኪር ለአንድ አፍታ ሕይወቱ ተረፈች። ማመስገን፣ ዝም ማለት፣ ወደ ሱቁ መመለስ ይችል ነበር። ነገር ግን ያን ምንጣፍ የሠራው እሱ ነው፤ እየሠራም በልቡ ቀይ ነበር።

"ምን አረንጓዴ?" አለ። "ቀይ ነው።"

"አረንጓዴ ነው ወንድሜ።"

"ቀይ ነው እልሃለሁ! ጠርዙ ላይ ብቻ ቢጫ አለበት።"

"እኔ ትናንት ነው ያየሁት! አንተ ያየኸው ስንት ዓመቱ ነው?"

"ጨርቅ እያወቅኩ ነው ያደግኩት፣ አንተ ፎጣ ሻጭ!"

ሰው ለሁለት ተከፈለ። ጋሽ ወልደሚካኤል መሃል ገብተው "ምናልባት በመብራቱ ይሆናል" እያሉ ሲያስታርቁ ጠይብ ማስረጃ ብሎ ፎቶ አወጣ። ከቃይትባይ በር ፊት ተነስቷል። ያው በር፣ ያችው መስኮት ናት። ዛኪር ግን ያየው ሌላ ነገር ነው። በፎቶው ላይ ጠይብ ወደ ካሜራው አያይም። ትከሻው ወደ ግራ አዘንብሏል፣ አንገቱ ሰግጓል፣ ጆሮው ወደ መስኮቷ ተቀስሯል።

ዛኪር ፎቶውን በሁለት እጁ መለሰለት። "ማሻአላህ" አለ በቀስታ። "እውነትም ሳይታደስ አልቀረም።"

ማታ ቤት ሲገቡ ሰዓደት የድሮውን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ጠበቀችው። እሷም የነጋዴ ልጅ ናት።

"የጠይብንም ፎቶ አይቻለሁ። ሁለታችሁም በር ላይ ቆማችሁ ማንን ነው የምትሰሙት?"

ዛኪር ተቀመጠ።

"አልጠሩህም?" አለችው።

"አልጠሩኝም።"

"የትም?"

"የትም።"

ሰዓደት ሳቀች። ጎረቤት ግድግዳ እስኪደበድብ ሳቀች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ "በሚቀጥለው እኔም አለሁበት" አለች። ይህ ጥያቄ አልነበረም።

በሚቀጥለው ጉዞ ቃይትባይ በር ላይ ደረሱ። ዛኪር ወደ መስኮቷ ሲሄድ ሰዓደት በእጀታው ይዛ አቆመችው።

"አንተ ወዲያ ሂድ።"

"ወዴት?"

"እንደ ልማድህ ነዋ። ሂድ።"

ሄደ። ትከሻውን አዘነበለ፣ አንገቱን ሰገገ፣ የጫማውን ክር አሰረ። ማዕበሉ ይጮኻል። ሰዓደት ሁለት ቲኬት ቆርጣ፣ በሩን አልፋ ገባችና ዞር ብላ፣ አባቷ ሸማ ተራ ላይ ይጣሩበት በነበረው ድምፅ ጮኸች።

"ና እሺ! ና፣ ና ውሰድ!"

ቲኬት ቆራጩ ከመቀመጫው ተነሳ። ድመቶች ሸሹ። ዛኪር ለወጉ ያህል ትንሽ ቆየ፤ ከዚያ ፊቱን አዙሮ፣ የተጠራ ሰው በሚራመደው አረማመድ ገባ።

ውስጡ ድንጋይ ነው። ጠባብ መተላለፊያ፣ ባሕሩን የሚያሳዩ ትንንሽ መስኮቶች፣ አንድ ጸጥ ያለ መስጊድ፣ ንፋስ። ዛኪር ግድግዳውን በክንዱ ለካ። በመስኮት ባሕሩን አየ። ግድግዳው ላይ ምንጣፍ የለም። ቢሆንም ቢሰቀል የሚያምርበትን ቦታ ለሰዓደት አሳያት፤ እሷም እዚያ ላይ ቀይ እንደሚሻል ተስማማች።

ሲመለሱ ደጃፉ እንደገና ሞላ። ጠይብ ከኋላ ቆሟል፤ ፊቱ ነጭ ፎጣ መስሏል። ጋሽ ወልደሚካኤል በዚህ ጊዜ ዛኪርን አልጠየቁም። ወደ ሰዓደት ዞሩ።

"አንቺ ሐቀኛ ነሽ፤ ንገሪን። ምንጣፉ ቀይ ነው አረንጓዴ?"

ዛኪር ትንፋሹን ያዘ። ጠይብም ያዘ። ሰዓደት ሁለቱንም በየተራ አየቻቸውና ነጠላዋን አስተካከለች።

"አላየነውም ጋሼ። ሊታጠብ ወስደውታል።"

"ወይኔ!" አሉ ጋሽ ወልደሚካኤል ከልባቸው አዝነው። "ቀለሙን ይለቅ ይሆን?"

"አረንጓዴ አይለቅም" አለ ጠይብ፣ ነፍሱ እንደተመለሰች።

"ቀይ ነው!" አለ ዛኪር።