ሚካኤል ማረፊያ የተባለው ዳገት

ልጅ ሳለሁ የሶዶ መንገዶች ሁሉ ስማቸውን ያገኙት ከጋሽ ጎበዜ በረንዳ ላይ ይመስለኝ ነበር። ጋሽ ጎበዜ ከፍርድ ቤት ጸሐፊነት በጡረታ የወጣ ጎረቤታችን ነበር። በዕድሜው አንቱ ሊባል ይገባው ነበር፤ እኔ ግን እሱ እለዋለሁ፤ አውቄ ነው።

ያኔ መብራት ሲጠፋ፣ የማይጠፋበት ምሽትም አልነበረም፣ የሰፈሩ ልጆች በረንዳው ላይ እንሰበሰባለን። ኩራዙን መስኮቱ ደፍ ላይ ያስቀምጥና ከሰል ምድጃው ላይ የበቆሎ እሸት ይደረድራል። የሚያረው እሸት ጭስ ዓይናችንን እያስለቀሰን፣ ፍሙ ሲንጣጣ እየሰማን፣ እሱ ጉሮሮውን ጠርጎ ቅዱሳኑን አንድ በአንድ ሶዶ ያስገባቸዋል። ጊዮርጊስ ቁልቁለት የተባለው የሰማዕቱ ፈረስ እዚያ ተደናቅፎ ነው። ማርያም ሜዳ የተባለው እመቤታችን ከስደት ስትመለስ እዚያ ዐርፋ ልጇን አጥብታ ነው። ከግብፅ ወደ ናዝሬት የሚሄድ ሰው በዳሞታ ተራራ ሥር ምን ሊሠራ እንደሚያልፍ የጠየቀ ልጅ አልነበረም፤ አፋችን በበቆሎ ተሞልቶ ነበር። ዛሬ ሳስበው ሰውዬው ስለ ቅዱሳን የሚያውቀው ስማቸውን ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚወደው የእኛኑ ዳገት ታሪክ ነበር።

«የሰኔ ሚካኤል ዕለት ነው» ይላል። «ታቦቱ አዲስ ወደተሠራለት ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ እዚህ ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርስ እምቢ አለ። ካህናቱ ቢያለቅሱ፣ ሕዝቡ ቢንበረከክ፣ ንቅንቅ የለም! ለምን? ከመንገዱ ዳር ሸክላ ሠሪዎች ይኖሩ ነበራ! ጭሳቸው ሸቶት ነው። በኋላ ጎጇቸው ፈርሶ ወንዝ ማዶ ሲሻገሩ ቦታው ጸዳ። ሚካኤል ማረፊያ የተባለው ለዚህ ነው።»

ያኔ በእኛ አገር ከሸክላ ሠሪ ጋር አብሮ አይበላም፣ ከእነሱ ጋብቻ የለም፣ ቤታቸው አይገባም ነበር። ድስታቸው ግን ቤታችን ይገባል። ወጣችንን የምንሠራው፣ ውኃችንን የምንቀዳው በእጃቸው ሥራ ነው። ይህን ነውር ነው ያለ ሰው አልሰማሁም።

ወንዝ ማዶ የምትኖረው የሸክላ ሠሪዋ የባሎቴ ልጅ አበበች፣ ክፍል ውስጥ ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ትቀመጥ ነበር። ታሪኩን በሰማሁ ማግስት ደብተሬን ሰብስቤ ተነሣሁ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ጭስ ትሸቻለሽ» አልኳት። እኔው ራሴ ከጋሽ ጎበዜ በረንዳ ጭስ ተነክሬ የመጣሁት!

ሳምንት ሳይሞላ አባ ገብረ ማርያም የሚባሉ ሽማግሌ ቄስ ዝናብ ይዟቸው በረንዳው ላይ ተጠለሉ። ጋሽ ጎበዜ ሰሚ በማግኘቱ ደስ ብሎት ያንን ታሪክ እንደ አዲስ ጀመረው። አባ እስኪጨርስ የራሰ ነጠላቸውን ሲጨምቁ ቆዩ።

«አቶ ጎበዜ» አሉ በኋላ፣ «የዚያን ዕለት ታቦቱን የተሸከምኩት እኔ ነኝ። እምቢ ያለው እግሬ ነው። ጭቃው እንደ ቅቤ ያንሸራትት ነበር። ታቦት ይዤ ልወድቅ ስል ባሎቴ የተሰበረ ገል በቅርጫት እያመላለሰች ከፊቴ አነጠፈችልኝ። እሱን ረግጬ ነው የወጣሁት። እርስዎማ ጃንጥላ ይዘው ‹ይቺን ሴት ከመንገድ አንሱልን› ይሉ ነበር።»

ጋሽ ጎበዜ ሳቀ። «አባ፣ እርጅና መጣ መሰል።»

«መጥቷል። ይሄ በቆሎ የበቀለው በማን ጓሮ እንደሆነ ግን አልረሳሁም» አሉና ዝናቡ ሳያባራ ወጥተው ሄዱ።

ሸክላ ሠሪዎቹ ሲነሡ የባሎቴን ቦታ አጥሮ በቆሎ የዘራበት ጋሽ ጎበዜ ራሱ ኖሯል። ትልልቆቹ ሁሉ ያውቃሉ። እኛ ልጆቹ ስንበላ የከረምነው ያንኑ ነው። አፌ ውስጥ የነበረውን ተፋሁት። በማግስቱ ምሽት ጋሽ ጎበዜ ያንኑ ታሪክ፣ ከነእምቢታው ከነጭሱ፣ አንድ ቃል ሳይለውጥ አወራ፤ ልጆቹም እሸታቸውን እየጋጡ ሰሙት። እንደዚያን ምሽት ሰው ንቄ አላውቅም። ንቀቱ እስከ ዛሬም አልወጣልኝም።

ትምህርት ቤት ሄጄ አበበች አጠገብ ልቀመጥ ስል ቦርሳዋን አግዳሚው ላይ አኖረች።

«ያኔ ሸተትኩሽ፤ ዛሬ ታጠብኩ?» አለችኝ።

አሁን በዚያው ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። በቅርቡ በሰፈራችን የየመንገዱን ስምና የስሙን መነሻ በሰሌዳ የሚያስጽፍ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው የጋሽ ጎበዜ ልጅ ነው፤ ከበቆሎው ማሳ ሌላ ከአባቱ የወረሰው ጉሮሮ መጥረግን ነው። ጽሑፉን እንዳርም ሰጠኝ። ያው ታሪክ ነው፣ ከነጭሱ። ጭሱን ሰርዤ ባሎቴንና ያነጠፈችውን ገል ጻፍኩበት።

«መምህርት» አለ ሰብሳቢው፣ ወረቀቱን በሁለት ጣቱ ጫፍ ይዞ፣ «የሸክላ ሠሪ ስም ከመልአኩ ስም ሥር? ሕዝቡ ምን ይላል?»

በዕውቀቱ የተመረጠ አንድ ምሁር ደግሞ የታሸገ ውኃውን ተጎነጨና «ታሪክ ማስረጃ ይፈልጋል» አለ። ጊዮርጊስ ቁልቁለት ላይ ለተደናቀፈው ፈረስ ማስረጃ አልጠየቀም። ሌሎቹ ሰዓታቸውን ያያሉ፤ ምሳ ደርሷል። በመጨረሻ ተስማማን። እነሱ ጭሱን ተዉ፣ እኔ ባሎቴን ተውኩ። ቢያንስ ስድቡ ወጣ ብዬ ፈረምኩ።

ባሎቴ ከሞተች ቆይታለች። አበበች ገበያ ውስጥ ድስትና እንስራ ትሸጣለች። ሰሌዳው የተተከለ ዕለት ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት። ለምን እንደሄድኩ እንጃ፤ ምናልባት እንድታመሰግነኝ ይሆናል። እስክጨርስ ድረስ አንዱን ድስት፣ ስንጥቅ እንዳለው ለማወቅ፣ በጣቷ አንጓ እያንኳኳች ሰማችኝ።

«ያኔ ከአግዳሚው ተነሣሽ፣ አሁን ደግሞ ፈረምሽ» አለች። «አንቺ መቼም ጭስ አትወጂም።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ገዢዋ መለሰች።

ጋሽ ጎበዜም ከሞተ ብዙ ዘመን ሆነው። ደጋግሞ ከማውራቱ የተነሣ ውሸቱን ራሱም ሳያምነው አይቀርም። እኔ ግን አባ ገብረ ማርያም ሲናገሩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ ዳገቱ ወገብ ላይ ቆም እልና ሰሌዳውን አነበዋለሁ። ጽሑፉ ደስ ይላል፣ ንጹሕ አማርኛ ነው። አንድም የፊደል ግድፈት የለበትም፤ ያረምኩት እኔ ነኝ።