የተላጨ ጓሮ

ሰፈርተኛው “ጋሽ ምላጩ” የሚላቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ዕድሜያቸውን ጸጉር ሲያስተካክሉ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ከእጃቸው የወጣ ማጅራት ዝንብ ያንሸራትት ነበር። እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር ግን፣ ከሰው ጆሮ ጋር ከመካሰስ ብለው ሱቁን ዘጉና በጓሯቸው ዱባ ተከሉ።

መሬቱንም እንደ ማጅራት ያዙት። ከዱባው በቀር የበቀለ ነገር ሁሉ ለእሳቸው አንድ ስም ብቻ ነበረው፤ አረም። በየማለዳው ይነቅላሉ፣ ይጠርጋሉ፣ ዳር ዳሩን ያስተካክላሉ።

“አንተ ሰውዬ፣ እንግዲህ የቀረህ ቅባት መቀባት ነው” ይሏቸዋል ባለቤታቸው።

በመጀመሪያው ዓመት ቅጠሉ ጓሮውን ሞላ፤ አበባውም ፈካ። አውራ ጣት የሚያካክሉት ዱባዎች ግን እየገረጡ ረገፉ። የበኩር ልጃቸው ይህን አይቶ፣ “አባባ፣ በሚመጣው ዓመትም ካልያዘ ሲሚንቶ ላፍስበትና መኪናዬን ላቁምበት” አለ። በትሕትና ነው ያለው። እሳቸው ግን ሌሊቱን ሲገላበጡ አደሩ። ምላጩ ከእጃቸው ወጥቷል፤ አፈሩም ከወጣ ምን ሊይዙ ነው?

ዘንድሮም ይረግፍ ጀመር። ውሃ ጨመሩ፣ ፍግ ጨመሩ፤ ወይ ፍንክች። አንድ ጠዋት የሱቃቸውን በርጩማ አውጥተው ከአንድ አበባ ፊት ቁጭ አሉ። መጠበቅ እንደሆነ ያውቁበታል። አበባው አፉን ከፍቶ ቆየ። ማንም አልመጣም። ፀሐይ ስትበረታ ተከደነ።

“ይሄማ ደንበኛ ያጣ ወንበር ነው” አሉ።

ዓይናቸው አንድ ሐረግ ተከትሎ ልብስ ማስጫው ሥር ደረሰ። ባለቤታቸው “እዚህ እንዳትደርስ” ያሏቸው ጥግ ነው፤ ሰማያዊ፣ ነጭ፣ ስማቸውን እንኳ የማያውቋቸው አበቦች ተጠላልፈውበታል። ሐረጉ እዚያ ሾልኮ የሰው ራስ የሚያህል ዱባ ታቅፏል! ጎንበስ አሉ። ደቃቆቹ ንቦች ነጩ ላይ፣ ወፍራሞቹ የዱባው አበባ ውስጥ ይርመሰመሳሉ፤ ሁሉም ቢጫ ብናኝ ለብሷል።

“የወንዴውን ብናኝ ለሴቴዋ የሚያደርሱት እነሱ ናቸው” አሉ ባለቤታቸው ልብስ እየጨመቁ።

“ታዲያ እኔ ጋ ለምን አይመጡም? አበባው የኔ ይበዛል እኮ!”

“የዱባ አበባ ጠዋት ከፍቶ ይዘጋል። ከዚያ ወዲያ ምን ይብሉ? ሱቅህን አስታውስ። ዳማ ተጫዋቹን፣ ወሬኛውን፣ ጋዜጣ አንባቢውን ‘ሥራ ፈት’ ብለህ አግዳሚውን ያወጣህ ጊዜ፣ ማን ሊቆረጥ መጣ?”

ጋሽ ምላጩ ሳቃቸው አመለጣቸው። “የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን ጣልክ በይኛ!”

ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳር ዳሩን መንቀል ተዉ። አረሙ አድጎ እስኪያብብ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ስለዚህ የጺም ብሩሻቸውን ከሣጥን አወጡና ብናኙን ከወንዴው ወደ ሴቴዋ ያመላልሱ ጀመር። ማራገፍ እንኳ አላስፈለጋቸውም፤ ያ የሚንቀጠቀጥ እጅ ራሱ ያራግፋል።

ልጃቸው ሜትር ይዞ ሲመጣ፣ አባቱ ነጩን የሥራ ካፖርት ለብሰው አበባ ላይ አጎንብሰዋል።

“አባባ፣ ደግሞ አበባ ይላጫል እንዴ?”

“ባለሙያዎቹ እስኪመጡ ተክቼ እየሠራሁ ነው። ና፣ ቅጠሉን ገለጥ አድርገው።”

ከቅጠሉ ሥር ጡጫ የሚያህል አረንጓዴ ዱባ ተቀምጧል።

“ይዟል እንዴ?”

መልስ ከመስጠታቸው በፊት አንዲት ወፍራም ንብ ብሩሹን ቀድማ ወደሚቀጥለው አበባ ገባች። ጋሽ ምላጩ እጃቸውን ሰበሰቡ።

“ይግቡ፣ ይግቡ፤ ወንበሩ ክፍት ነው።”

ልጁ ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ። መኪናው እስከ ዛሬ የሚያድረው ደጅ ነው፤ ባዶውን ግን አይመለስም፣ ዱባ ጭኖ ነው የሚሄደው።