ያልጠነከረችው ዝንብ

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «የዝንብ እናት» ይሏታል። ምድር ቤት ባለችው፣ መስኮቷ የመንገደኛ ጫማ ብቻ በሚያሳይ ክፍል፣ ከደጋው ረግረግና ቁጥቋጦ የሚመጡ ዝንቦችን ስትለይ ጸጉሯ ሸበተ። እነዚህ ምግብ ላይ የሚያርፉት ዓይነት አይደሉም። እንቁላላቸውን አባጨጓሬ ላይ ይጥላሉ፤ የሚፈለፈለው ትል ሰርጎ ይገባና አባጨጓሬውን ከውስጥ እየበላ ያድጋል። ዘራቸው የሚለየው ጀርባቸው ላይ ባለው ጸጉር አቀማመጥ ነው። ያን ሁሉ አሳምራ ታውቃለች፤ የሚመጡበትን ሜዳ ግን አንድ ቀን እንኳ በዓይኗ አላየችውም።

በየዓመቱ ዝንብ ሊሰበስብ ወደ ሜዳው የሚወጣው መኪና ሲነሳ አለቃዋ፣ ዕድሜው ልጇ ሊሆን የሚችል ሰው፣ «እርስዎ ከሄዱ ማን ይለይልናል?» ይላታል። እንዲህ እያመሰገነ ነው በሩን የሚዘጋባት። ዘንድሮ ጡረታዋ ስለደረሰ እንድትሄድ እሺ አለ፤ ብቻ ጠርሙስ ውስጥ ካሉት፣ ትሉ ወደ ዝንብነት ከሚለወጥባቸው ሁለት ቅርፊቶች ቢያንስ አንዷ ዝንብ ወጥታ ዘሯ ይታወቅ አለ።

ከቅርፊት የወጣች ዝንብ አካሏ እስኪጠነክር በሕይወት ማደር አለባት። ይህን ለስንቱ ጀማሪ አስተምራለች። ዝንቧ ግን የወጣችው በጉዞው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ሴትዮዋን መጠበቅ አላስችል አላት። ገደለቻት፣ በመርፌ ወጋቻት፣ ሻንጣዋን ልታዘጋጅ ወደ ቤቷ በረረች። ጠዋት ስትመለስ የዝንቧ ጀርባ ሰርጉዶ፣ ጸጉሩ ተጣብቆ ጠበቃት። ምኑም አይለይም።

«ሌላዋ አለች አይደል? እስክትወጣ ይጠብቁልን» አለ አለቃዋ፤ ለክፋት ብሎም አይደለም።

የመኪናው ጎማ በመስኮቷ ሲያልፍ አየች። ያንገበገባት የገዛ እጇ ሥራ መሆኑ ነው።

ሁለተኛዋ ዝንብ በማግስቱ ወጣች። ይህችን አሳደረቻት።

መኪናው ሲመለስ ሾፌሩ ካርቶን ተሸክሞ እየሳቀ ገባ።

«እትዬ፣ እርስዎ ሜዳው ጋ ባይሄዱ ሜዳው እርስዎ ጋ መጣ።»

አንድ ቁጥቋጦ ከነአበባው፣ ከነአፈሩ ነቅሎ አምጥቶላታል። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ደስ አላት።

«ተባረክ፣ የኔ ልጅ።»

ቅጠሉ ሥር አባጨጓሬ ነበር። አንገቱ ላይ ነጭ እንቁላል ተለጥፏል። አለቃዋ በትከሻዋ በኩል ጎንበስ ብሎ አየ።

«ይህቺስ እስክትወጣ ጡረታዎን ትንሽ ብናራዝመው?»

እምቢ ልትል አፏን ከፈተች። እጇ ግን ባዶ ጠርሙስ ይፈልግ ነበር።