ቮስሎሩስ ላይ የቀረው ሽርሽር

የሳኒታይዘር ሽታ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ልጅ እያለሁ፣ በዚያ በኮሮና ዘመን፣ በስደት በምንኖርባት አሌክሳንድራ በምትባል የጥቁሮች ሰፈር ውስጥ፣ ከአባቴ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ተዘግቼ ከረምኩ። ትምህርት ቤት የለም፣ ውጭ መጫወት የለም፤ በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦ የሚቀበሉ እጆችን ብቻ አያለሁ። እገዳው ላላ ሲልና ቤተ ክርስቲያናችን የአንድ ቀን ሽርሽር አዘጋጀች ሲባል እንቅልፍ አጣሁ።

የምንሄደው ከከተማ ርቆ ወደሚገኝ የአንድ ነጭ ገበሬ እርሻ ነበር። የድንጋይ ቤት አለው፣ አረንጓዴ ኮረብታ አለው፣ በጎች አሉት፣ ቁርጥ የእንግሊዝ ገጠር ነው ስላሉን እኛ ልጆች ቦታውን «እንግሊዝ» እያልን እንጠራው ጀመር። በበሽታው ምክንያት ጎብኚ የሚያስገቡት በሰዓት ተራ ነው፤ የእኛ ተራ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ነበር። አባቴ እንኳን ሱቁን ዘጋ! የተቀቀለ እንቁላልና የሳኒታይዘር ሽታ ተደባልቆ የተከራየናትን ታክሲ ሞላት፤ እየዘመርን ወጣን።

መንገዳችን ላይ ያለችው ቮስሎሩስ የምትባል ሰፈር ስንደርስ ሽማግሌያችን ጋሽ ላምቤቦ «ታምራትን ሰላም ሳንለው ብናልፍ ያዝንብናል፤ አምስት ደቂቃ ብቻ» አሉ። ታምራት እዚያ ብቻውን ሱቅ የሚሠራ የአገራችን ልጅ ነው። ትልልቆቹ ቀድመው ወረዱ፤ ጋሽ ላምቤቦ ከፊት፣ አባቴና ሌሎቹ ከኋላ።

እስቲ አስቡት፤ በማለዳ፣ ሳይነግሩት፣ ሽማግሌ አስቀድመው ተሰብስበው ደጁ ቆሙ። እኛ ዘንድ እንዲህ ሆኖ የሚመጣ መርዶ ነጋሪ ነው። ታምራት በፍርግርጉ አያቸውና ጭንቅላቱን ይዞ ጮኸ።

«እናቴ ናት! እናቴ ሞታ ነው!»

«ኧረ ሽርሽር እየሄድን ነው!» አለ አባቴ።

«አታባብሉኝ! በዚህ ጊዜ የምን ሽርሽር?»

በማሉለት ቁጥር ባሰበት፤ መርዶ ይዞ የመጣ ሰው መጀመሪያ «ሁሉም ደህና ነው» እንደሚል ያውቃላ። አገር ቤት፣ እናቱ ያሉበት ሆሳዕና ከተማ ቢደወል ኔትወርክ የለም። ደንበኞቹ ሳይቀሩ በአገሬው የማዘኛ ቃል «ሼም፣ ማይ ፍሬንድ» እያሉ አብረውት አዘኑ።

እኔ በንዴት ጨስኩ። አራት ሰዓት አለፈ። ወርጄ የአባቴን እጅ ጎተትኩ።

«አባዬ፣ እንሂድ እንጂ! አልሞቱም አይደል?»

«ዝም በይ! እንዲህ ሆኖ ጥለነው እንሂድ?»

ከሰዓት በኋላ እናቱ ከገበያ ተመልሰው ስልኩን አነሱ። ድምፃቸውን ሲሰማ ጭራሽ ይባስ አለቀሰ፤ እሳቸውም ምን ሆነህ ነው ብለው ተቆጡት። ከዚያ ደግሞ ሳትበሉ አትሄዱም ብሎ በሩ ላይ ቆመ! እንቁላላችንን እዚያው ከእሱ ሳርዲን ጋር በላን። የሰዓት እላፊው ሳይደርስብን ብለን ወደ ቤት ዞርን። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ ትልልቆቹ ግን በታምራት ድንጋጤ እየሳቁ ነበር።

ብዙም ሳይቆይ እገዳው ጠበቀ፣ ሽርሽሩም ተረሳ። ያንን ኮረብታ እስከ ዛሬ አላየሁትም፤ ንዴቱም አልወጣልኝም።

አሁን ማለዳ ተሰብስቦ ደጅ የሚቆም ሰው የለም፤ ሁሉም ነገር በስልክ ነው። ባለፈው ዓመት አባቴ እናቱ መሞቷን ያወቀው ሱቁ ውስጥ ቆሞ እየሸጠ ነው። አንድ የዘመድ ልጅ በዋትስአፕ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ብሎ ልኮለታል። መልእክቱን ደግሞ ደጋግሞ አነበበው። ውጭ አንዲት ሴት ዳቦ እየጠበቀች ነበር። ዳቦዋን ሰጣት፣ በሩን ዘጋ፣ ከዚያ ነው ያለቀሰው። አጠገቡ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ።