ውሾቹ የፈሰኩበት ገና

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ዳዊት ከሚኒሶታ ደውሎ ጋበዘን። ልጁ ዘንድሮ ውሾች በሚጎትቱት የበረዶ ጋሪ ልትወዳደር ነው። «እናንተም ሪታየር አድርጋችኋል፤ ኑ እንጂ! ፋሚሊ አጠገቧ ሲቆም ትበረታለች» አለኝ። ባለቤቴ ስልኩ ሳይዘጋ ወፍራም ጫማ ሊገዛ ተነሳ። ጡረታ ከወጣን ወዲህ የመንገድ ነገር ከተነሳ ለእሱ ሠርግ ነው። እኔ ግን ምሳዬን መጨረስ አቃተኝ።

ወላጆቼም ጡረታ ሲወጡ እንደ ባለቤቴ መንገድ ወዳድ ሆነው ነበር። ያኔ እኔ ባል ሳላገባ፣ አትላንታ አጠገብ ስኮትዴል የሚባል ሰፈር አፓርትመንት ውስጥ እንኖር ነበር። አባቴ አሜሪካ ከገባ ጀምሮ የሰው መኪና ሲያቆም፣ እናቴ የሆስፒታል አንሶላ ስታጥብ ኖረዋልና፣ ሥራው ሲያበቃ ቅዳሜ ቅዳሜ መውጣት ለመዱ። ስቶን ማውንቴን ሐይቅ ዳር፣ ጥድ ሥር ምንጣፍ አንጥፈው፣ እናቴ ከማቀዝቀዣ ሳጥኗ ዳቦና ቆሎ ታወጣለች፤ አባቴ ዓሣ አጥማጆቹን ይታዘባል። «ሲውሉ አንድ አልያዙ፤ ይኼም ሥራ ሆኖ!» ይላል።

የተማረው ልጃቸው ዳዊት ሚኒሶታ ውስጥ ውሻ በጋሪ መጥመዱን ሲሰሙ መጀመሪያ ሳቁ። እናቴ «በሬ ጠፍቶ ነው?» አለች። ውላ አድራ ግን ሄጄ ካላየሁ ብላ ያዘች። ዳዊት ከእሷ እየራቀ ነበር። በስልክ የሚያወራው ስለ ውሾቹ ብቻ ስለሆነ፣ ውሾቹን ካወቀች ልጇንም መልሳ የምታገኘው መሰላት።

ለገናና በማግስቱ ማግስት ለነበረው ውድድሩ ሄድን፤ ሾፌሯ እኔ ነበርኩ። ከቴነሲ ተራሮች በኋላ ሜዳ፣ ከሜዳው በኋላ ነጭ በረዶ ብቻ። አባቴ «ኧረ ይኼ አገር ሰው የለውም?» እያለ መስኮቱን በእጁ ይወለውላል። ጾም ስለነበር መንገዱን ሁሉ ሽሮ ፍትፍትና ሙዝ ስንበላ፣ ለበዓሉ የተሠራው ዶሮ ወጥ ከኋላ ወንበር በሳጥኑ ውስጥ ረግቶ ይጓዛል።

ዳዊት ደስ ብሎት ተቀበለን። ስለ ውሾቹ ጫማና ስለ ገመዳቸው ሲያስረዳን ዋለ፤ ስለሚበሉት ነገር ግን ትንፍሽ አላለም። መሪያቸው መቻል ይባላል፤ አገር ቤት በነበረን ውሻ ስም ነው የሰየመው። እናቴ የጎን አጥንቱን አይታ ደነገጠች። የሯጭ ውሻ ቀጭን መሆኑን ማን ነግሯት? «ልጄ እንስሳቱን ጦም ያሳድራል» አለችኝ በሹክሹክታ፣ በእሱ ፈንታ አፍራ።

የገና ዕለት ጠዋት ጸልየን ፈሰክን። ዳዊት ለጉዳይ ወደ ከተማ እንደወጣ እናቴ የተረፈውን ወጥ አሙቃ፣ እንጀራ ፈትፍታበት ወደ ውሾቹ ወጣች። «ዛሬ እኮ ገና ነው፤ በቤት ያለ ፍጥረት ሁሉ ይፈስካል» አለች። መቻል ልጇ አብልጦ የሚወደው ስለሆነ ትልቁን ድርሻ አገኘ። ሳህኑን ጨርሶ እጇን ላሰላት። ውሻ የማታስጠጋዋ እናቴ ሳቀች።

የውድድሩ ቀን መቻል ብዙም ሳይርቅ ተንገዳግዶ ወደቀ። ዳዊት ጋሪው ላይ ጭኖት ተመለሰ። የእንስሳት ሐኪሟ ከንፈሩን ገልጣ ድዱን አየች፤ ደም የለውም። ምን እንደበላ ጠየቀች፤ እኔም ለእናቴ ተረጎምኩላት። እናቴ ነገሩ ለሕክምናው ይረዳል ብላ «ከትናንት በስቲያ ዶሮ ወጥ አብልቼዋለሁ፤ ንገሪያት» አለችኝ። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ መሆኑን የሰማነው ያን ቀን ነው። በእኛ አገር ስንቱ ውሻ በወጥ ፍርፋሪ አድጓል!

ዳዊት ሰው ሁሉ እያየ ጮኸባት። «ሁሉን ነገር ሩይን አደረግሽው፤ አበላሸሽው! ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ!»

እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ጫነች። አባቴ «በል ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ» ብሎ ክንዷን ይዞ ወደ መኪናው ወሰዳት። ቴነሲ ተራሮች ላይ ስንደርስ፣ «ሰው የሚበላውን ነው እኮ የሰጠሁት» አለች።

መቻል በወሩ ድኖ በዓመቱ ሮጠ። እናቴ ግን ከዚያ ወዲያ ሐይቁ ዳር እንኳ አልሄደች። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አባቴ የመኪናውን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ይቆማል፤ እሷ «ጉልበቴን አሞኛል» ትላለች። ዳዊት በየበዓሉ ይደውላል፣ ስጦታ ይልካል፤ ኑ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። እናቴ «ተናዶ ነው፤ ይበርድለታል» እንዳለች ሞተች፤ አባቴም ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየ።

አሁን እሄዳለሁ። ልጅቷ ምን አጠፋች? የአክስት ወጌን አደርሳለሁ፤ ብርዱ ላይ ቆሜ አጨበጭብላታለሁ። ወንድሜን ግን ይቅር ማለት አልቻልኩም፤ የሚቻለኝም አይመስለኝም። ልጅቷ ትናንት ስልኩን ከአባቷ ተቀብላ «አክስቴ፣ ግራንድማ የዳዲን የውሻ ሬስ ለማየት ለምን መጥታ አታውቅም?» ብላ ጠየቀችኝ። ዳዊት መጥታ እንደነበር እንኳ አልነገራትም። እዚያ ስደርስ፣ እሱ አጠገባችን ቆሞ እየሰማ፣ «አባትሽን ጠይቂው» እላታለሁ።