የወርቄ ጉሬዛዎች

ዲላ፣ ሊነጋጋ ሲል

ባለቤቴ ወርቄ እግሯ አልታዘዝ ካላት ወዲህ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ነው፦ ባደገችበት ኮቸሬ፣ ከአጎቷ ቤት ጀርባ ባለው ደን ጉሬዛዎቹ ዛሬም ጎህ ሲቀድ ይጮሃሉ ወይ? ደኑ ለቡና ተመነጠረ የሚል ወሬ ሰምታ እንቅልፍ አጥታለች።

«ሄደህ ስማልኝ። ዝም ካሉም እንዳትዋሸኝ» አለችኝ።

ለአጎቷ ለአቶ በራሶ ስጦታ አዲስ መጥረቢያ ገዝቼ፣ ኤንትሬው የጭነት መኪና ላይ ከሾፌሩ ከሸምሱ ጎን ተሳፈርኩ።

ፍስሐ ገነት፣ ቀትር

መንገዱ አቧራና ጉድጓድ ነው። ግራ ቀኙ እንሰትና ቡና፣ ከላያቸው ዋንዛና ብርብራ። በስሙኒ የገዛሁትን ሙዝ ከሸምሱ ጋር ጨረስን።

«ለዝንጀሮ ነው ይሄ ሁሉ መንገድ?»

«ለጉሬዛ።»

«ያው አይደል እንዴ!»

«ለወርቄ ያው አይደለም።»

ሳቀብኝ። እኔ ግን አዲስ የተመነጠረ መሬት ባየሁ ቁጥር አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ የቀረ ዛፍ እፈልጋለሁ።

አጎቷ ዘንድ፣ ከሰዓት በኋላ

አቶ በራሶ ደኑን ከአባታቸው በአደራ የተቀበሉ ሽማግሌ ናቸው። ቆጮ በጎመን በልተን መጥረቢያውን ሳወጣ የቤቱ ሰው ሁሉ ዓይኑን ስለቱ ላይ ተከለ። ለደን ጠባቂ መጥረቢያ! አባቶች ያረፉበት ደን ውስጥ ብረት እንደማይገባ ወርቄ ስንቴ ነግራኛለች፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጆሮዬ ወንፊት ነው።

ሽማግሌው አልተቆጡም። መጥረቢያውን ከአጥሩ ውጭ አስቀመጡት።

«ይሄ እዚህ ያድራል፣ አማቻችን። ዛፍ ብረት ካየ ይፈራል። ቢላም ካለህ አውጣ።»

በማግስቱ፣ ጎህ ሲቀድ

ለአባቶች ክብር እርጥብ ሣር በእጃችን ይዘን ደኑ ውስጥ ገባን። የዝግባው ጫፍ አይታይም። ድኩላ ከምንጩ ቀና ብላ አየችንና ሸሸች። አንድ አረንጓዴ ወፍ ቀይ ክንፉን ዘርግቶ አለፈ። ጉሬዛ ግን የለም። ለወርቄ ምን ብዬ ልንገራት?

ድንገት ከላይ አንዱ ወፍራም ድምፁን ለቀቀው። ከሸለቆው ማዶ ሌላው መለሰ፤ ከዚያ ደኑ በሙሉ ጮኸ። ነጭ ጭራቸው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይወናጨፋል። መስማት የነበረባት ወርቄ ነበረች።

«ወርቄ ልጅ ሳለች ትመልስላቸው ነበር» አሉ አቶ በራሶ።

ዲላ፣ መልስ

ከነአቧራዬ በሩ ላይ ቆሜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ እንደ ጉሬዛ ጮህኩ። ወርቄ በሳቅ ፈረሰች።

«ኧረ ይሄ የታነቀ በሬ ነው! አሉ ማለት ነው?»

«አሉ። ደኑም አለ።»

ዓይኗን ጨፈነች። ከዚያ እዚያው አልጋዋ ላይ እንዳለች፣ ከሆዷ አውጥታ ልክ እንደነሱ ጮኸች። ስታበቃ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች።

«ተሸክመህም ቢሆን ውሰደኝ» አለችኝ።